የኤሌክትሪክ ሕክምና መሣሪያችሁ ላይ የፓተንት ማስጠንቀቂያ ሲመጣ፦ አዳማ ላይ ሆናችሁ ምን ታደርጋላችሁ?

አዳማ ላይ የኤሌክትሮኒክስ እጅ ሞልቷል። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲው እዚህ ነው። የሆስፒታል ሜዲካል ኮሌጁም እዚሁ ነው። አንድ ወጣት ኢንጂነር ለፊዚዮቴራፒ ክፍል የጡንቻ ማነቃቂያ ቢሠራ፣ አንድ አስመጪ ደግሞ ለኦፕራሲዮን ክፍል ኮተሪ (በኤሌክትሪክ ሥጋ የሚቆርጥና ደም የሚያቆም መሣሪያ) ቢያመጣ የሚገርም ነገር የለውም። ጣጣው የሚጀምረው መሣሪያው ገበያ ወጥቶ ስሙ መሰማት ሲጀምር ነው። «የፓተንት መብታችንን ጥሳችኋል» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፤ ፓተንት ማለት ለፈጠራ ባለቤት የሚሰጥ የብቻ መብት ነው። ቁጥር ይበዛበታል፣ የተሰጠው ጊዜ አጭር ነው። ተቀባዩ ወይ ደንግጦ ሥራውን ያቆማል፣ ወይ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከትቶ ይረሳዋል። ሁለቱም ያስከፍላሉ።

ኤሌክትሪክ ወደ ሰውነት በሚልኩ መሣሪያዎች ላይ የሚነሳው ክርክር ለየት ያለ ጠባይ አለው። ልዩነቱ ያለው ሳጥኑ ላይ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩን ወደ ሰውነት ከሚያስገባው ኤሌክትሮድ በሚወጣው የኤሌክትሪክ ምት ላይ ነው። በዓይን ሲታዩ መንታ የሚመስሉ ሁለት ማሽኖች በሕግ ፊት የማይገናኙ ሊሆኑ ይችላሉ። ጭራሽ የማይመሳሰሉ ሁለት ማሽኖችም አንድ ፓተንት ሥር ሊወድቁ ይችላሉ። ስለዚህ «እኛ ራሳችን ነው የሠራነው፣ ከማንም አልቀዳንም» ማለት ብቻውን አያድንም። የሚያድነው የፓተንቱን ቃልና የመሣሪያችሁን ልኬት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ወደዚያ የሚወስድ መንገድ ነው።

መጀመሪያ፦ ደብዳቤውን በሥርዓት ተቀበሉ

የደረሳችሁን ቀን ጻፉበት። ፖስታውን አትጣሉ። በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የመጣ ከሆነ እንዳለ አስቀምጡት። ስልክ አንስታችሁ ላኪው ጋር አትደውሉ። በንዴት የሚነገር ነገር በኋላ «አምነዋል» ተብሎ ይመጣል። በድርጅቱ ውስጥ ላሉትም በዚህ ጉዳይ በግሩፕ ቻት እንዳያወሩ ንገሯቸው።

ከዚያ ማን እንደጻፈው እዩ። የፓተንቱ ባለቤት ነው? ወኪሉ ነው? ወይስ ፈቃድ ገዝቶ የሚሸጥ አከፋፋይ ነው? አከፋፋይ የሚጽፈው ደብዳቤ አንዳንዴ ገበያ ለመጠበቅ ብቻ ነው። የመክሰስ መብት እንዳለው በሰነድ እንዲያሳይ መጠየቅ ነውር የለውም።

ሆስፒታል ደንበኛችሁ ከሆነ ደብዳቤው እዚያም ደርሶ ሊሆን ይችላል። የግዥ ኃላፊው «ኢንጂነር፣ ይሄ ነገር እኛንም ፍርድ ቤት ያቆመን ይሆን?» ብለው ቢደውሉ መልሳችሁ አጭር ይሁን። «እርስዎ አያስቡ፣ ጉዳዩን በጠበቃ ይዘነዋል፣ በጽሑፍ እናሳውቅዎታለን።» ውሉንም አውጥታችሁ አንብቡ። በብዙ የግዥ ውሎች ላይ የፓተንት ጥያቄ ከመጣ ኃላፊነቱን የሚወስደው አቅራቢው ነው የሚል አንቀጽ አለ።

ፓተንቱ ኢትዮጵያ ውስጥ አለ ወይ?

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው። ግማሹን ጭንቀት የሚያቃልለውም ይኸው ነው። ፓተንት አገር አይሻገርም። አሜሪካ የተሰጠ ፓተንት አዳማ ላይ ተሠርቶ አዳማ ላይ የሚሸጥን መሣሪያ አይዝም። እዚህ የሚሠራው በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት የተሰጠ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው የኢትዮጵያ ፓተንት ቁጥር ነው። ቁጥሩን ይዛችሁ አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አረጋግጡ። የፈጣን መንገዱ ጉዞ የሚቆጭ አይደለም። መዝገቡን በአካል ማየት ከደብዳቤው ይሻላል።

እዚያ ስትሄዱ የምታጣሩት ሦስት ዓይነት ሰነድ ነው። የመጀመሪያው መደበኛው የፈጠራ ፓተንት ነው። ማመልከቻው ከገባበት ቀን ጀምሮ 15 ዓመት ይጸናል። ፈጠራው አገር ውስጥ በሚገባ ሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ 5 ዓመት ይጨመርለታል። ሁለተኛው ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል ሰርተፊኬት ነው። 5 ዓመት ነው፣ ለሌላ 5 ዓመት ይታደሳል። ሦስተኛው አስገቢ ፓተንት ይባላል። ውጭ አገር ፓተንት ያለውን፣ እዚህ ግን ያልተጠበቀውን ፈጠራ ወደ አገር ለሚያስገባ ሰው የሚሰጥ ነው። ቢበዛ 10 ዓመት ነው። ባለመብቱም እየሠራበት መሆኑን ማሳየት አለበት። ለአዳማ ሠሪ ይበልጥ የሚያሰጋው ይህ ሦስተኛው ይመስለኛል። የውጭ ኩባንያ እዚህ ላያመለክት ይችላል፤ የአገር ውስጥ ተወዳዳሪያችሁ ግን አስገቢ ፓተንት አውጥቶ ቁጭ ብሎ ሊሆን ይችላል።

ቀን ስታሰሉ የዘመን አቆጣጠሩን ለዩ። አንዱ ሰነድ በእኛ፣ ሌላው በፈረንጅ አቆጣጠር ይሆናል። የሰባት ስምንት ዓመት ስህተት የሞተ ፓተንትን ሕያው ያደርጋል። ዓመታዊ ክፍያው መከፈሉንም ጠይቁ። አዋጁ ለፓተንት ባለቤት የማስመጣት ሞኖፖል እንደማይሰጥም አስታውሱ። አስመጪ ከሆናችሁ ጠበቃችሁ ከዚህ ይጀምር።

ዕቃችሁን ወደ ውጭ ለመላክ ካሰባችሁ ስሌቱ ይቀየራል። ኬንያ የአፍሪካ ክልላዊ የአእምሯዊ ንብረት ድርጅት፣ ማለትም የአሪፖ አባል ናት። ኢትዮጵያ አይደለችም። እዚህ ንጹሕ የሆነ መሣሪያ ናይሮቢ ሲገባ ሊያስከስስ ይችላል። የሚሸጥበት አገር ሁሉ ለብቻው ይጣራል።

አንድ ሌላ ነገር። በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መሣሪያችሁን ስለመዘገበው ከፓተንት ነጻ ናችሁ ማለት አይደለም። እዚያ የሚታየው ደኅንነቱና ብቃቱ ነው። ፓተንት የሌላ ቤት ጉዳይ ነው።

ክሌሙን ቆራርጡት

ፓተንት ሲከፈት ሥዕል አለ፣ ረጅም ማብራሪያ አለ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቁጥር የተሰጣቸው ዓረፍተ ነገሮች አሉ። እነሱ ክሌም ይባላሉ። የመብቱ አጥር ያለው እዚያ ብቻ ነው። ሥዕሉ የእናንተን መሣሪያ ቢመስልም አትደንግጡ፣ ባይመስልም አትዝናኑ።

ምሳሌ እንውሰድ። አንደኛው ክሌም እንዲህ ይላል እንበል፦ «ጡንቻን ለማነቃቃት የሚያገለግል መሣሪያ፤ ሀ) ባትሪ፣ ለ) በሁለቱም አቅጣጫ የሚሄድ የኤሌክትሪክ ምት የሚያመነጭ ሰርኪት፣ ሐ) በኤሌክትሮዶቹ መካከል ያለውን የቆዳ ኢምፒዳንስ የሚለካ ክፍል፣ መ) በተለካው ኢምፒዳንስ መሠረት የምቱን ቆይታ የሚለዋውጥ ተቆጣጣሪ ያለው።»

ኢምፒዳንስ ማለት ቆዳው ለኤሌክትሪክ የሚያሳየው ተቃውሞ ነው። ወረቀት ላይ አራት ረድፍ ሥሩ። በግራ የክሌሙን ቃል እንዳለ ገልብጡ። በቀኝ የእናንተ መሣሪያ በዚያ ነጥብ ላይ ምን እንደሚያደርግ ጻፉ። ቃል በቃል ጥሰት አለ ለማለት አራቱም መገኘት አለባቸው። አንዱ ከጎደለ ክሱ ይላላል። በብዙ አገሮች ግን ፍርድ ቤት «ቃሉ ባይገጥምም ሥራው ያው ነው» ሊል ስለሚችል፣ የጎደለው ነጥብ የይስሙላ ሳይሆን እውነተኛ ልዩነት ይሁን።

ከዚያ ለኩ

ሐ እና መ በክርክር አይፈቱም። የምቱን ቅርጽ በስክሪን በሚያሳየው ኦሲሎስኮፕ ላይ ነው የሚታዩት። ሰው ላይ አትሞክሩ፤ በቆዳው ፈንታ በሬዚስተር ለኩ። ለእንዲህ ዓይነት ማነቃቂያ 500 ኦም የተለመደ መነሻ ነው። ከዚያ 1000፣ ከዚያ 2000 ኦም አድርጉት። መሣሪያችሁ ቋሚ ከረንት የሚሰጥ (ተቃውሞው ቢለወጥም ያንኑ ከረንት የሚይዝ) ሆኖ 40 ሚሊአምፒር ላይ ብታስተካክሉት በ500 ኦም 20 ቮልት፣ በ1000 ኦም 40 ቮልት፣ በ2000 ኦም 80 ቮልት ታያላችሁ። ዋናው ግን የምቱን ቆይታ ማየት ነው። በሦስቱም ላይ 200 ማይክሮሰከንድ ሆኖ ከቀረ «መ» የለም ማለት ነው። ሬዚስተሩ ተቀይሯል፣ የምቱ ቆይታ ግን አልተንቀሳቀሰም።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለኝ። ተቃዋሚያችሁ «ቋሚ ከረንት ካላችሁ ኢምፒዳንስ እየለካችሁ ነው» ማለቱ አይቀርም። በ«ሐ» ላይ ረጅም ክርክር ሊነሳ ይችላል። አትጋፉ። በግልጽ የጎደለው «መ» ከሆነ ጉልበታችሁን እሱ ላይ አድርጉ። የመሣሪያችሁ አቅም 60 ቮልት ላይ የሚያበቃ ከሆነም ጥሩ ማስረጃ ነው። በ2000 ኦም ከረንቱ ወደ 30 ሚሊአምፒር ይወርዳል፣ ማሽኑም ምንም ሳያስተካክል ዝም ይላል። ኢምፒዳንሱን አይቶ ራሱን የሚያስተካክል ተቆጣጣሪ ቢኖር ኖሮ ዝም አይልም ነበር።

ስትለኩ የኦሲሎስኮፑን የመሬት ክሊፕ ከመሣሪያው ውጤት ጋር ዝም ብላችሁ አታያይዙ። ክሊፑ በግድግዳ ሶኬቱ በኩል ከመሬት ጋር የተገናኘ ነው። የተነጠለውን የታካሚ ሰርኪት ከመሬት ጋር ካገናኛችሁት ልኬቱ ይበላሻል፣ ዕቃውም ሊቃጠል ይችላል። በባትሪ የሚሠራ ኦሲሎስኮፕ ወይም ዲፈረንሻል ፕሮብ ተጠቀሙ። የእያንዳንዱን ልኬት ፎቶ አንሱ። የመሣሪያውን መለያ ቁጥር፣ የፈርምዌሩን (መሣሪያው ውስጥ የተጫነውን ፕሮግራም) ቅጂና ቀኑን ጻፉ። ሁለት ሰው ይፈርምበት።

የመለኪያው ልምድ እንደ መሣሪያው ይለያያል። ዲፊብሪሌተር (የተዛባ የልብ ምትን በኤሌክትሪክ ንዝረት የሚመልስ መሣሪያ) የሚፈተሸው በ50 ኦም ነው፣ ጥያቄውም የኃይሉ መጠን በጁል እና የሞገዱ ቅርጽ ነው። ኮተሪ በመቶ ሺዎች ሄርዝ ስለሚሠራ ተራ መልቲሜትር ምንም አይነግራችሁም።

ፈርምዌሩንም ፈትሹ። ማውጫው ላይ ያልታየ፣ ኮዱ ውስጥ ግን የተቀመጠ አሠራር ካለ ችግር ነው። ክሌሙ ስለ መሣሪያ ከሆነ መሣሪያው «ማድረግ መቻሉ» ብቻ ሊበቃ ይችላል። ክሌሙ ስለ ዘዴ ከሆነ ግን ሁኔታው ሌላ ነው። በ2009 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ በካርዲያክ ፔስሜከርስ እና በሴንት ጁድ ኩባንያዎች መካከል በነበረው ክርክር ጉዳዩ ደረት ውስጥ የሚቀበር ዲፊብሪሌተር ነበር። ፍርድ ቤቱ ካሳውን የወሰነው ዘዴውን በእርግጥ በፈጸሙት መሣሪያዎች ላይ ብቻ ነው። የማያስፈልጋችሁን አሠራር ከኮዱ ነቅላችሁ አውጡት። መደበቅ አይበቃም።

በእኛ አዋጅ ደግሞ በሰው አካል ላይ የሚፈጸም የሕክምና ዘዴ ራሱ ፓተንት አይሰጠውም። ለዚያ የሚያገለግለው ዕቃ ግን ይሰጠዋል። ስለዚህ ፊዚዮቴራፒስቷ «እንዲህ አድርጋ ታክማለች» ተብላ የምትከሰስበት መንገድ የለም።

ቃሉ ግልጽ ነው ወይ?

የክሌም ቃል ሲደበዝዝ ለተከሳሽ በር ይከፈታል፤ ግን በሩ እንደሚመስለው ሰፊ አይደለም። ኔቭሮ የተባለው ኩባንያ ለአከርካሪ ገመድ ማነቃቂያ በከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራ ፓተንት ነበረው። ክሌሙ ሕመምን የሚያስታግስ፣ ግን የመወረር (የመደንዘዝና የመንዘር) ስሜት የማይፈጥር ምት ይላል። የተከሰሰው ኩባንያ ቦስተን ሳይንቲፊክ «አንዱን የሚወርረው ሌላውን አይወርረውም፤ ታዲያ ወሰኑን ማን ያውቃል?» ብሎ ተከራከረ። የመጀመሪያው ፍርድ ቤት የመሣሪያ ክሌሞቹን በዚህ ምክንያት ጣላቸው። ይግባኝ ሰሚው ግን በ2020 (እ.ኤ.አ.) ሻረው። ባለሙያ የሆነ ሰው ታካሚውን ጠይቆ ማወቅ ከቻለ ወሰኑ ይታወቃል አለ። «ቃሉ ስሜት ላይ የተመሠረተ ነው» ብላችሁ ብቻ ክርክራችሁን አትንጠልጥሉ።

ማብራሪያው በቂ አይደለም የሚለው ክርክርም እንዲሁ ነው። በ1988 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ መንግሥትና በቴሌክትሮኒክስ ኩባንያ መካከል የተወሰነው ጉዳይ አጥንት በኤሌክትሪክ እንዲጠገን የሚያግዝ መሣሪያ ላይ ነበር። ፓተንቱ በዝርዝር ያሳየው ከማይዝግ ብረት የተሠራ ኤሌክትሮድን ነው። ለሌላ ብረት የሚበቃውን ከረንት ለማግኘት ብዙ ሙከራ ይጠይቃል ተብሎ ተከራከሩ። ፍርድ ቤቱ መንገዱ ከተገለጸ፣ ሙከራው ጊዜና ገንዘብ ስለወሰደ ብቻ ፓተንቱ አይወድቅም አለ። እነዚህ የአሜሪካ ውሳኔዎች እኛን አያስገድዱም። የክርክሩን አካሄድ ግን ያሳያሉ።

የቆየውን ፈልጉ

ፓተንትን ለመጣል ጠንካራው መሣሪያ የቆየ ሰነድ ነው። ከማመልከቻው በፊት በየትኛውም የዓለም ክፍል ይፋ የወጣ ነገር አዲስነቱን ያፈርሰዋል። ኢስፓስኔትና ጎግል ፓተንትስ የሚባሉት የፓተንት መፈለጊያ ድረ ገጾች ነጻ ናቸው። በቃል ብቻ አትፈልጉ፤ በምድብ ፈልጉ። ለኤሌክትሪክ ሕክምና ምድቡ ኤ61ኤን 1 ነው። በውስጡ 1/36 ማነቃቂያ፣ 1/39 ዲፊብሪሌተር ነው። ለኮተሪ ደግሞ ኤ61ቢ 18/12 እና 18/14 ናቸው። ሲጻፉ ፊደሎቹ በላቲን ይሆናሉ።

በዚህ ዘርፍ መሠረቱ ያረጀ ነው። ሐኪሙ ሃርቪ ኩሺንግ ቦቪ የተባለው ሰው የሠራውን ኮተሪ ቦስተን ላይ የተጠቀመው በጥቅምት 1926 (እ.ኤ.አ.) ነው። የኢንጂነሩ ግሬትባች ፔስሜከር (የልብ ምት አስተካካይ) ፓተንት የወጣው በ1962 (እ.ኤ.አ.) ነው። እነዚህን ማንም ይሠራባቸዋል። ዛሬ የሚያጣላው ጥቃቅኑ ነው። ፊሊፕስና ዞል የተባሉት ኩባንያዎች ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተካሰሱት ዲፊብሪሌተር በመኖሩ አልነበረም። በሞገዱ ቅርጽና ማሽኑ ራሱን በሚፈትሽበት አሠራር ነበር።

የራሳችሁን ማስረጃም አትናቁ። እነሱ ከማመልከታቸው በፊት በቅን ልቦና ስትሠሩበት ወይም ከልብ ስትዘጋጁበት ከነበረ አዋጁ የቀደመ ተጠቃሚን መብት ያውቃል። ከመርካቶ ትራንስፎርመር የገዛችሁበት ደረሰኝ፣ ለጓደኛ በቴሌግራም የላካችሁት የቦርድ ፎቶ፣ የዩኒቨርሲቲ የፕሮጀክት ሪፖርት ሁሉም ቀን አላቸው። ሰብስቧቸው። ያለ ቀን ማስረጃ ወረቀት ብቻ ነው።

ገና ምርምር ላይ ከሆናችሁ ሌላ መከላከያ አላችሁ። አዋጁ ለሳይንሳዊ ምርምርና ሙከራ ብቻ የሚደረግን አይከለክልም። በአሜሪካም በ1990 (እ.ኤ.አ.) ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኢላይ ሊሊና ሜድትሮኒክ ኩባንያዎች ጉዳይ ለመንግሥት ፈቃድ የሚሆን መረጃ ለመሰብሰብ የሚደረግ ሙከራ ለሕክምና መሣሪያም እንደሚፈቀድ ወስኗል። ያ ክርክርም የተነሳው በዲፊብሪሌተር ነበር። የመጀመሪያዋን ዕቃ በገንዘብ ከሸጣችሁ በኋላ ግን «ምርምር ላይ ነን» አይሠራም።

መልሱን ጻፉ

ሠንጠረዡ፣ ልኬቱና የመዝገቡ ውጤት ሳይኖራችሁ ዝርዝር መልስ አትስጡ። ጊዜ ለመግዛት ግን አጭር ደብዳቤ ይበቃል፦

«በቀን … የላካችሁት ደብዳቤ ደርሶናል። የጠቀሳችሁት ፓተንት በኢትዮጵያ የተሰጠበትን ቁጥርና ቀን፣ አሁንም የጸና መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ፣ እንዲሁም የትኛው ክሌም በየትኛው የመሣሪያችን ክፍል እንደተነካ ነጥብ በነጥብ እንድትገልጹልን እንጠይቃለን። ይህ ደብዳቤ ጥፋትን እንደማመን አይቆጠርም።»

ሦስተኛው ጥያቄ ዋናው ነው። ጥሰት መኖሩን ማስረዳት የፓተንት ባለቤቱ ሸክም ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2014 (እ.ኤ.አ.) በሜድትሮኒክና በሚሮውስኪ ቤተሰብ ኩባንያ ጉዳይ ይህንኑ አጽንቷል። እዚያ ፈቃድ ገዝቶ እየከፈለ ያለው ሜድትሮኒክ ራሱ «ምርቴ ፓተንቱን አይነካም ይባልልኝ» ብሎ ቢከስም፣ ጥሰት መኖሩን የማስረዳቱ ሸክም ከፓተንት ባለቤቱ ላይ አልወረደም።

አራት መውጫዎች

ጥሰት ከሌለ ሠንጠረዡንና ልኬቱን አያይዛችሁ በጠበቃ በኩል መልሱ። ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ይበርዳል።

ነገሩ አጠራጣሪ ከሆነ ንድፉን ቀይሩ። በምሳሌያችን የምቱን ቆይታ ቋሚ አድርጎ ከረንቱን በባለሙያዋ እጅ እንዲስተካከል ማድረግ ይቻላል። ከቀየራችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፣ የደኅንነት ፍተሻውንም ድገሙ። የተቀየረው ነገር ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መነገር ያለበት መሆኑንም ጠይቁ። ለፓተንት ሲባል ታካሚን አደጋ ላይ የሚጥል ለውጥ አይደረግም። ከዚያ መክፈል ይሻላል።

ፓተንቱ ራሱ ደካማ ከሆነ ጥቅሙ የሚነካ ሰው እንዲሰረዝ ፍርድ ቤትን መጠየቅ ይችላል። የፓተንት ክርክር የፌዴራል ጉዳይ ነው። አቤቱታው ለየትኛው ችሎት እንደሚቀርብ ከአዳማ ሳትነሱ ከጠበቃችሁ ጋር ጨርሱ። ፓተንት የሚያውቅ ጠበቃና ሰርኪት የሚያነብ ኢንጂነር አብረው ይቀመጡ። አንዱ ብቻውን አይበቃም።

የቀረው ፈቃድ መግዛት ነው። ከተስማማችሁ ውሉ ላይ የፓተንቱ ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀንና ክፍያውን የሚጠይቀው የመሣሪያ ሞዴል በስም ይጻፍ። «ተመሳሳይ ምርቶች ሁሉ» የሚል ሐረግ ካያችሁ አትፈርሙ። የነገው ሞዴላችሁ ያንን ክሌም ላይነካ ይችላል። ፓተንቱ ሲያበቃ ወይም በፍርድ ቤት ሲሰረዝ ክፍያው በዚያው ቀን እንደሚቆምም አስገቡበት፤ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉት።